ለሰኔ 18 አልቃሾች የቀረበ ምስጋና

ዘንድሮም ሰኔ 18 ደረሰችና ስልኬ ገና ከማለዳው በሐዘን ተጥለቀለቀ። ባርኔጣው ግንባሩን የጋረደው የአንድ ሰው ጥላ፣ አንድ ነጭ ጓንት፣ የሚነድ ሻማ፣ ከሥሩ ደግሞ የሚያለቅስ ፊትና «ንጉሥ ሆይ፣ ያለ አንተ ዓለም ጎደለ» የሚል ጽሑፍ። ላኪው፣ አሜሪካዊው ዘፋኝ ማይክል ጃክሰን በሕይወት ሳለ ስሙ በተነሣ ቁጥር አፍንጫውን በሁለት ጣቶቹ ቆንጥጦ ጠረጴዛውን ሁሉ ያስቅ የነበረ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከማናችሁም ደጅ ስለማይጠፋ ማብራሪያ አላበዛም። እስከ ዛሬ ተገቢው ክብር ያልተሰጣቸውን እነዚህን ወገኖች፣ በቁም ዘልፈው በሞት የሚያለቅሱትን፣ አንድ ጊዜ በአደባባይ ማመስገን ግን ዕዳ ሆኖብኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊደነቅ የሚገባው ቁጥብነታቸው ነው። ፍቅር ያለ ጊዜው ከወጣ እንደሚባክን ያውቃሉ። ሰውየው በጆሮው እየሰማ ቢያመሰግኑት ኖሮ ምናልባት ልቡ ይረጋ ነበር፤ ልቡ የረጋ ዘፋኝ ደግሞ ለወሬ አይመችም። ስለዚህ አንዲት ደግ ቃል ሳያባክኑ ታግሠው ቆዩና፣ ሰኔ 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በአሜሪካኖቹ ጁን 25 ቀን 2009 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በእነርሱ እቆጥራለሁ፤ ሟቹም የእነርሱ ነው)፣ በሃምሳ ዓመቱ መሞቱ ሲሰማ ያጠራቀሙትን በአንድ ሌሊት አፈሰሱት። ስሙን የሚፈልገው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ ጉግል ጥቃት የተሰነዘረበት መስሎት ነበር። በሎስ አንጀለሱ ስቴፕልስ ሴንተር ለተዘጋጀው ስንብት 17,500 የመግቢያ ቲኬት በዕጣ ሲወጣ 1.6 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ። በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ዕዳ ተሸክሞ የሞተው ሰው በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከማንም በላይ አልበም የተሸጠለት ዘፋኝ ሆነ። ይህን ሁሉ ገበያ በዓይኑ ቢያየው መኩራራቱ አይቀርም ነበርና፣ ከትዕቢት ኃጢአት ያዳኑት እነርሱ ናቸው። ከተሰለፈው መካከል ከልቡ ያዘነ እንደ ነበር አልክድም፤ ከልባቸው ካዘኑት አንዱ እኔ ነኝ፤ ምስጋናው ግን ለእኛ አይደለም።

ባልደረባዬን ከተራ አልቃሽ ጋር መመደብ ደግሞ ግፍ ይሆናል። የሌላው ሰው ሐዘን ከዓመት ዓመት ይቀልላል፤ የእርሱ ግን እያደገ፣ እየወፈረ፣ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያው ሙት ዓመት «ሳያሳዝን አይቀርም» ብሎ ነበር። በሁለተኛው፣ መርዶውን የሰማ ዕለት ትራሱ በእንባ ርሶ ማደሩን ነገረን። በአራተኛው፣ በለንደኑ ኦ ቱ አሬና ሊቀርቡ ታቅደው ከነበሩት ሃምሳ ዝግጅቶች ለመጀመሪያው ቲኬት ቆርጦ እንደ ነበርና ለሟቹ ክብር ሲል ገንዘቡን መልሱልኝ አለማለቱን አወጋን፤ የመጀመሪያ ፓስፖርቱን ያወጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ መሆኑን የማውቀው ቅጹን የሞላሁለት እኔ ስለ ሆንሁ ነው። በሰባተኛው፣ ወደ ፊት የሚራመድ እየመሰሉ ወደ ኋላ መንሸራተትን በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ለእኩዮቹ ያስተማረ እርሱ እንደ ነበር ታወቀ። ማይክል ጃክሰን ያን እርምጃ በቴሌቪዥን ያሳየው በ1983 ነው፤ ባልደረባዬ የሚጠቅሰው ክፍል ደግሞ ሲሰላ 1981 ላይ ይውላል። እንደ ሥርዓቱ ከሆነ፣ ሻማ ማብራት የነበረበት ማይክል ነው።

የዘንድሮው ምስክርነት ግን ያለፉትን ሁሉ አስንቋል። «መርዶው የደረሰኝ በዚያው በ18 ቀን፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ምሳ ላይ ነው፤ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ» ይላል ከሻማው ሥር። የዘፋኙ ሞት በሆስፒታል የተረጋገጠው በሎስ አንጀለስ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ላይ ነው፤ ይኸውም በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ26 ደቂቃ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማንኪያው ከሞቱ 12 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ቀድሞ ወድቋል። ለቅሶ ዘግይቶ የሚደርስ ሞልቷል፤ ሟቹን ቀድሞ ድንኳን የገባ ግን ከእርሱ በፊት አልሰማሁም። ሥጋት ያደረብኝ ስለ ከርሞው ነው፤ በዚህ አያያዙ ጋሪ፣ ኢንዲያና ወርዶ በ1958 የተወለደውን ሕፃን ገና በአራስ ቤት ሳለ እርሙን ሳያወጣለት አይቀርም።

ማንኪያው ወደቀ በተባለበት ሰዓት ሎስ አንጀለስ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ሰውየው ከልምምድ ተመልሶ እንቅልፍ አልወስደው ብሎ ነበር። ለእርሱ ብቻ የተቀጠረ ሐኪም አንዱን መድኃኒት በሌላው ላይ ሲደርብለት አድሮ፣ ረፋዱ ላይ በቀዶ ሕክምና ክፍል ሰው የሚደነዝዝበትን ፕሮፖፎል በመኝታ ቤቱ ሰጠው። በ2011 ፍርድ ቤት ሐኪሙን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ አራት ዓመት ፈረደበት። በየሰኔው ከሚደርሱኝ ሻማዎች ሥር ስለዚያ እንቅልፍ አንድ መስመር አንብቤ አላውቅም።

የአልቃሾቻችን የሕክምና ዕውቀትም ሳይመሰገን መታለፍ የለበትም። በ1993 ሰውየው ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ የቆዳ ቀለም የሚያጠፋ በሽታ እንዳለበት በገዛ አንደበቱ ተናገረ፤ እነርሱ ግን ሳያዩት፣ ሳይዳስሱት፣ «ነጭ መሆን አምሮት ነው» የሚለውን ምርመራቸውን አልለወጡም። ሲሞት አስከሬኑ ተመረመረና ለምጹ ተረጋገጠ። «ለካስ እውነቱን ነው፣ ምስኪን!» አሉ። ዐሥራ ስድስት ዓመት! ታምሜያለሁ ያለን ሰው ለማመን ሬሳው መቀደድ ነበረበት? የሳቁበት እኮ ሕመም ነበር፤ እያንዳንዱን ሳቃቸውን አስታውሳለሁ፤ አብሬያቸው የሳቅሁበትንም ቀን ጭምር፤ እሱን ከሁሉ ይልቅ አልረሳውም።

ስለ ልጆቹ ጉዳይ ግን ማሾፍ አይሆንልኝም። በ1993 ልጅ በማስነወር ተወነጀለ፤ ነገሩ ከፍርድ ቤት ውጭ በገንዘብ ተቋጨ። በ2005 በሳንታ ማሪያ በሌላ ልጅ ጉዳይ ተከሶ ዳኞቹ ከሁሉም ክሶች ነጻ አሉት። በ2019 ሁለት ጎልማሶች በልጅነታችን በደለን ብለው በዘጋቢ ፊልም ተናገሩ፤ ወራሾቹ ውሸት ነው አሉ። እነዚህ ወገኖች በ2005 የልጆቹን ነገር የምሳ ቀልድ አድርገውት ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ያንኑ የሚያነሣውን ሰው «ሙት ወቃሽ» ብለው ይሰድባሉ። ያኔም ዛሬም ልጆቹን አልሰሟቸውም፤ ሰውየውንም አልሰሙትም። ልጆች በቀልድም በሙሾም መካከል መጫወቻ ሲሆኑ ሳይ ደሜ ይፈላል።

እኔ ያደግሁት በካሴቱ ነው፤ ክሩ ሲጠላለፍ በእርሳስ እያጠነጠንሁ። በ1985 ከላዮኔል ሪቺ ጋር ደርሶ ከብዙ ዘፋኞች ጋር ለእኛው ረሃብ የዘፈነውን፣ ባልደረባዬ በአንድ ወቅት «በእኛ አንጀት ስሙን አደለበ» ያለበትንና ዛሬ «ወገናችን» የሚልበትን ዘፈን፣ ቋንቋውን ሳላውቅ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ከ2019 ወዲህ አንዳንዱን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፣ አንዳንዱን መሐል ላይ አጠፋዋለሁ፤ ለምን እንደማጠፋው፣ ለምንስ መልሼ እንደምከፍተው ለራሴም መልስ የለኝም። እንዲህ ሆኖ ሻማ መለጠፍ አይሆንልኝም።

ለማለዳው መልእክት መልስ ሳልሰጥ ከቀትር በኋላ ሌላ ደረሰኝ። ከዚያው ከባልደረባዬ ነው። በሕይወት ያለች አንዲት ዘፋኝ መድረክ ላይ ስትንገዳገድ የተነሣች ሥዕል ልኮ፣ ከሥሯ እየሳቀ የሚያነባ ፊት ሦስት ጊዜ ደርድሯል። ከማለዳው ፊት ጋር አስተያየሁት። እንባው ያው ነው፤ የተለወጠው አፉ ብቻ ነው። ሥዕሏን አላጠፋኋትም፤ ዕለቱ ሲደርስ ፎቶግራፍ ፍለጋ እንዳይቸገር ላስቀምጥለት ብዬ ነው።