አንኮበርን ከአስጎብኚ ጋር ማየት

ስለ ቀድሞዋ የሸዋ መናገሻ ስለ አንኮበር ያነበብሁት የጉዞ ጽሑፍ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ ለማየት አስጎብኚ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው ማለቱን አልቀበለውም። እኔም ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ መጀመሪያ የሄድሁት ብቻዬን ነበር፤ ያገኘሁትም የድንጋይና የኖራ ግንብ ቅሪት ብቻ ስለነበር፣ ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ተመለስሁ። በሁለተኛው ጉዞዬ ግን ለአንድ ሰዓት ብቻ የያዝሁት የአካባቢው ወጣት ከዚያው ግንብ አጠገብ አቁሞኝ፣ በድንጋዮቹ መካከል የተረፈውን ኖራ በጣቴ ካስነካኝ በኋላ፣ የእንግሊዝ መልእክተኛው ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደዚህ መምጣቱን፣ ዳግማዊ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ሲያዛውሩ ከተማዋ መቀዝቀዟን፣ ቁልቁል የአፋርን ቆላ እያሳየ ተረከልኝ። (ዋጋውን አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ ስንለያይ ጥቂት ተከራክረናል።) ኮረብታው ላይ ያለውን ሎጅ ጥንታዊው ቤተ መንግሥት አድርገው የሚያዩ ጎብኚዎችም አይጠፉም። ከጽሑፉ ጋር የወጣው ፎቶግራፍ ራሱ የሎጁ እንጂ የፍርስራሹ ስላልሆነ ቢስተካከል መልካም ነው።