የባዮሜዲካል ምህንድስና ዋና ቦታው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ዕቅድ ውስጥ መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት በሦስት የተለያዩ ርዕሶች ሥር ይሰፍራሉ። የሕክምና መሣሪያዎችን በሚነድፈውና በሚንከባከበው በባዮሜዲካል ምህንድስና ሙያ ግን ይህ ክፍፍል ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ሙያ ሁነኛው የምርምር ጥያቄም ሆነ ጥሩው ትምህርት የሚገኘው ከተበላሸው መሣሪያ አጠገብ ነውና።

ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በ16 አገሮች የሚገኙ የ112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን መረጃ መርምረው 38.3 በመቶው ከአገልግሎት ውጪ መሆኑን አሳይተዋል። በምክንያትነት የጠቀሷቸው የሥልጠና እጥረት፣ የመሣሪያ አስተዳደር ድክመትና የመሠረተ ልማት ጉድለት አዲስ መሣሪያ በመግዛት ብቻ የሚፈቱ አይደሉም።

በእኛ አገር ደግሞ የከፍታው ጉዳይ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት ዝቅተኛ ነው። የአውቶክሌቭ (ዕቃዎችን በግፊት በታመቀ የጋለ እንፋሎት የሚያመክነው መሣሪያ) የግፊት መለኪያ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ በመሆኑ፣ ለባሕር ጠረፍ ከተማ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ የሚከተል ባለሙያ መሣሪያው 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ይመስለዋል እንጂ አይደርስም። የቀዶ ሕክምና ዕቃዎች ከተሕዋስያን የሚጸዱት በዚህ ሙቀት ነውና ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ተማሪ ይህንን በሆስፒታሉ የማምከኛ ክፍል ውስጥ ራሱ ለክቶ ቢያረጋግጥ ከየትኛውም የቴርሞዳይናሚክስ ፈተና የበለጠ ይማርበታል፤ ለነርሷ በምትሠራበት ቋንቋ ትክክለኛውን መመሪያ ጽፎ ቢሰጣት ደግሞ ማኅበረሰቡን አገለገለ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት ላይ ተደርጎ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን እጥረት ሳያሳይ የሚያልፍበት ድግግሞሽ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አስታውቀዋል። ይህን ጥያቄ ለማጥናት ከእኛ የተሻለ ምክንያት ያለው ማን ነው?

ሐኪምና መሐንዲስ አብረው ሲሠሩ የሚገኘውን ውጤት ማላዊ አሳይታናለች። የቴክሳሱ ራይስ ዩኒቨርሲቲ በብላንታየር ከሚገኘው ኩዊን ኤልዛቤት ሆስፒታል ጋር ሆኖ በሞከረው ርካሽ ባብል ሲፓፕ (በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት እየሰጠ መተንፈስን የሚያግዝ መሣሪያ) ከታከሙት፣ ለመተንፈስ ከሚቸገሩ ጨቅላ ሕፃናት 71 በመቶው ተርፈዋል፤ በአፍንጫ ኦክስጅን ብቻ ከተሰጣቸው የተረፉት 44 በመቶ ነበሩ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ምህንድስናን ያስተምራሉ፤ የየራሳቸው የማስተማሪያ ሆስፒታልም አላቸው። ስለዚህ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ሥራው ከሆስፒታሉ የጥገና ክፍል መዝገብ ቢመነጭ፣ ቢያንስ አንድ ሴሚስተርም ከቴክኒሻኖቹ ጋር ቢያሳልፍ የሚከለክል ነገር አይታየኝም። የሚከብደው የመምህሩ ጉዳይ ነው። መሣሪያ ጠግኖ ሥራ ላይ ማዋልና ባለሙያ ማሠልጠን ለደረጃ ዕድገት እንደታተመ ጽሑፍ እስካልተቆጠረለት ድረስ ጊዜውን ለሆስፒታሉ እንዲሰጥ መጠበቅ ፍትሐዊ አይሆንም፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሴኔቶች መጀመሪያ ሊያሻሽሉት የሚገባው ይህንን መመዘኛ ነው።