እርማት፦ እንፋሎቱ ሠረገላውን አይነዳም

በድሮ የአሜሪካ ፖስትካርዶች ላይ ጭስ እየተፋ የሚከንፈው የእሳት አደጋ ማሽን «በእንፋሎት ራሱን ይነዳ ነበር፤ ፈረሶቹ ለሰልፍ ማድመቂያ ናቸው» የሚለው አስተያየት ስህተት ነው። ደጋግሞ ስለሚነገር ሊታረም ይገባዋል።

እንፋሎቱ የሚያሠራው የውሃ ፓምፑን ብቻ ነው። ከኋላ የቆመው ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጨው ጋን) ለፒስተኑ፣ ማለትም በእንፋሎት ግፊት ለሚመላለሰው ዘንግ፣ እንፋሎት ይሰጣል፣ ፒስተኑም ፓምፑን ይገፋል፤ ከመንኮራኩሮቹ ጋር አይገናኝም። ያን ሁሉ ቶን ብረት የሚጎትቱት ሁለት፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ሦስት ፈረሶች ነበሩ። በእንፋሎት በራሳቸው የሚሄዱ ማሽኖችም ተሠርተዋል፤ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ታዲያ ገና መንገድ ላይ ሳለ ለምን ይጨሳል? ማሽኑ ጣቢያ ውስጥ ሲቆም፣ ከተለየ ማሞቂያ የሚመጣ ሙቅ ውሃ በቧንቧ እየዞረ ቦይለሩን ያሞቀዋል። ደወሉ ሲጮህ ቧንቧው ይላቀቃል፤ ምድጃው ውስጥ ተደርድሮ የሚጠብቀው የእንጨት ፍቅፋቂና ጭራሮ ይለኮሳል፤ ከሰሉ ከዚያ በኋላ ይጨመራል። ውሃው ቀድሞ ስለሞቀ በጥቂት ደቂቃ በቂ ግፊት ይገኛል። በቀዝቃዛ ውሃ ቢጀመር ኖሮ ቃጠሎው የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ቀድሞ ይስፋፋ ነበር። ስለዚህ ያ ጥቁር ጭስ ገና ያልጋመ እሳት ምልክት ነው። ፓምፑ ሥራ ሲጀምር ግን የተጠቀመበትን እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል ይለቃል፤ ይህም አየር እየሳበ እሳቱን ያፋፍመዋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ በማተሚያ ቤት በተባዙ ካርዶች ላይ ጭስና ነበልባል በእጅ ይጨመር ስለነበር የጭሱን ብዛት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ዘመኑን ለመገመት ጀርባውን ገልብጡ፤ የመልእክትና የአድራሻ ቦታው በመስመር የተከፈለ የአሜሪካ ካርድ ከመጋቢት 1907 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው።