ይድረስ ለክቡር አባ ኮዳ (አንገቱ ላይ ኮዳ ላንጠለጠለው መላጣ ትልቅ ወፍ)

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ከፎቶዬ ውስጥ እንዲወጡልኝ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንዴት አደሩ? መቼም ከእኔ በተሻለ ነው ያደሩት። እኔ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮሆብኝ፣ በጨለማ ካልሲ ስፈልግ ባለቤቴን ቀስቅሼ፣ «ጥበቃ ብትቀጠር እኮ ቢያንስ ደሞዝ አለው» ተብዬ ነው የመጣሁት። እርስዎ ግን እንቅልፍዎን በአንድ እግርዎ ቆመው ጨርሰው ይጠብቁኛል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ቤቴ ከሐይቁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በሥራ ቀን ሒሳብ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ጎህ ሲቀድ መልክዓ ምድር አነሣለሁ። ሠርግ አላነሣም። ልደት አላነሣም። ወፍም አላነሣም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስምሩባት።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ውሃው፣ ከላዩ የሚተነው ጉም፣ ማዶ ያሉት ተራሮች። አንዲት የእንጨት ጀልባ ካለፈች እንደ ምራቂ እቆጥራታለሁ። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጀንበር አትለማመጥም። ጎሁ ከቀደደ እስክትወጣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ሰሜን ያሉ ፎቶ አንሺዎች ያንን ሰማያዊ ብርሃን ቡና እየጠጡ ይጠግቡታል። እኛ ጋ ሌንስ ስትቀይር ያልቃል። ከዚያች ሃያ ደቂቃ ላይ ነው እርስዎ የሚቀንሱልኝ።

ውሃው እንደ ወተት እንዲረጋልኝ ካሜራዬን ባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድ ላይ አስሬ፣ ለአንድ ፎቶ ዓይኑን 30 ሰከንድ ሙሉ እከፍታለሁ፤ በዚያ መሃል የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዛል ወይም ይደረባል። እርስዎ ሐውልት ነዎት። ሙሉ ሰዓት ንቅንቅ አይሉም። ቁልፉን ስጫን ግን የሆነ ነገር ትዝ ይልዎታል። አሥራ አምስተኛው ሰከንድ ላይ ወደ ግራ ዞር። በቃ፣ ሁለት ራስ ያለው አባ ኮዳ ይዤ ቤቴ እገባለሁ። አንዳንዴ ደግሞ መሃል ላይ ጥለው ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ፎቶው ላይ የሚቀረው ግማሽዎ ነው። ተራራው በደረትዎ ውስጥ አልፎ ይታያል። ልጄ አይታ «አባ፣ መንፈስ ነው?» አለችኝ።

እሺ፣ ፊቴ ከሚቆሙ ከኋላዬ ይቁሙ ብል እሱም አልሆነም። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ጀንበር የምትወጣው ከጀርባችን፣ ከከተማው በኩል ነው። እርስዎ ከኋላዬ ድንጋዩ ላይ ሲወጡ ታዲያ ያ ረጅም ጥላዎ ቀድሞኝ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ቁመትዎ ራሱ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ የጠዋት ጀንበር ስትጨምርበት የመብራት እንጨት ያህላሉ።

በሥራዎ ግን አልመጣብዎትም። ያ ሁሉ የአሳ አንጀት እዚያው ቢቀር ከተማው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚውለው። ያለ ደሞዝ ያጸዳሉ። እግርዎ ላይ ያለው ነጭ ነገር ካልሲ መስሎኝ ኖሬ ኩስዎ መሆኑን ሳውቅም አልፈረድኩብዎትም። ሙቀት ሲበዛብዎ ራስዎን የሚያቀዘቅዙበት ዘዴ ነው አሉ። በሐዋሳ ሙቀት ሁሉም የመሰለውን ያደርጋል።

ባለፈው እሑድ ግን አበዙት። ሌንሴ ላይ ጤዛ አርፎ መጥረጊያ ጨርቄን አወጣሁ። ያቺን ግራጫዋን፣ ከሌንሱ ጋር የመጣችውን። ጠርጌ ድንጋዩ ላይ አኖርኳት። አጠገቡ አንዱ አጥማጅ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ሲያራግፍ ስለነበር ትንሽ ሳትሸት አልቀረችም። እርስዎ በዚያ የዕድር ዳኛ አረማመድዎ መጡ። አንድ እርምጃ። ቆም። አንድ እርምጃ። ቆም። ከዚያ ጎንበስ፣ ቀና፣ ዋጥ። ጨርቄ በጉሮሮዎ ስትወርድ በዓይኔ እያየሁ ነው። አንተ ሌባ! አንተ መላጣ! የምን መነጽር ልትጠርግበት ነው?

ይቅርታ። አንቱታው አመለጠኝ። ምንቃርዎን ቀጭ ቀጭ አድርገው ዝም አሉ፤ እኔም ልዝለለው።

አንድ ቅዳሜ ግን አልመጡም። ቄራ ጎራ ብለው ይሆናል፣ አልጠየቅኩም። ውሃው ረግቷል፣ ጉሙ አለ፣ ሰማዩ ሮዝ ሆኗል፣ አንድም ክንፍ የለም። ስንት ወር የጠበቅኩትን አነሣሁ። ደስታዬን ማካፈል ነበረብኝና እዚያው አሳ ለሚጠብሱት እናት በካሜራው አሳየኋቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት።

«ያምራል የኔ ልጅ። የት ነው? ላንጋኖ ነው?»

ላንጋኖ! ያ ሻይ የመሰለ ውሃ! «እማማ፣ እዚሁ ነው እኮ፣ ከኋላዎ» አልኳቸው። ዞር ብለው ሐይቁን አዩ፤ ተመልሰው ፎቶዬን አዩ።

«ታዲያ አባ ኮዳው የታል?»

በመሆኑም ከላይ በጉዳዩ የተገለጸውን ጥያቄ በከፊል አሻሽያለሁ። ከፎቶው ይውጡ አልልም። ከግራ በኩል፣ ከጀልባ ማሰሪያው እንጨት ሁለት እርምጃ ርቀው ይቁሙ። ፊትዎን ወደ ውሃው ያድርጉ። ኮዳዎን አይንፉ። 30 ሰከንድ ብቻ ሐውልት ይሁኑልኝ፤ ከዚያ በኋላ ቢፈልጉ ዞር፣ ቢፈልጉ ብር ይበሉ። ክፍያው የቆሮሶ አንጀት ሲሆን የሚፈጸመው ከሥራ በኋላ ነው። ቅድሚያ ክፍያ የለም፤ ጨርቋን ወስደዋል።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለፔሊካኖች፣ እንዲያውቁት፤ ቦርሳዬን ለሚከፍቱት ጦጣዎች፣ ተራቸውን እንዲጠብቁ፤ ለባለቤቴ፣ ጨርቋን ወፍ ዋጣት ስላት ስላላመነችኝ።