አንድ ጠርሙስ ብቻ የደም ካልቸር መላክ ይቅር

ትኩሳቱ አልወርድ ያለ ታካሚ ደሙ ለካልቸር፣ ማለትም ጀርም ካለ ጠርሙስ ውስጥ አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ፣ ይላካል። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ «ባክቴሪያ ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ይመጣል። ስሙ ኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ ስታፊሎኮከስ ይባላል። ሐኪሞች ታካሚዎችን ሲዞሩ (ራውንድ ላይ) ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ አስታማሚው ማዘዣውን ይዞ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ይሮጣል፣ ከዘመድ አዝማድ ይበደራል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ባክቴሪያ ታካሚው ደም ውስጥ አልነበረም። የማንኛችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። መርፌው ሲገባ ይዞት ጠርሙስ ውስጥ ገባ፣ እዚያ ምግብና ሙቀት አግኝቶ ተራባ።

ይሄ ጉዳይ እንደ ተራ ነገር መታለፉ ያናድደኛል። ምክንያቱም ታካሚው በሌለበት በሽታ ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ይወስዳል፣ አልጋው ላይ ተጨማሪ ቀናት ይተኛል፣ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ የትኩሳቱ እውነተኛ ምክንያት መፈለጉ ይቆማል። ወረቀቱ መልስ የሰጠ ይመስላላ! ቲቢ ይሁን ወባ ይሁን ሆድ ውስጥ የተደበቀ መግል፣ የሚያስታውሰው የለም።

ላብራቶሪዎች ለረጅም ጊዜ የተስማሙበት መለኪያ አለ። በቆዳ ባክቴሪያ የሚበከሉት ካልቸሮች ከ3 በመቶ መብለጥ የለባቸውም፤ በደንብ ከተሠራ ደግሞ ወደ 1 በመቶ ማውረድ ይቻላል። የትኛውም ዋርድ የራሱን ቁጥር አውቆ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ ደስ ይለኛል።

ችግሩ የሚፈጠረው አልጋው አጠገብ ነው። ክንዱ በአልኮል ጥጥ አንዴ ይታሻል። ቬኑ (ደም ሥሩ) ይጠፋል። በተጠረገው ቦታ ላይ ጣት ይመለስና ይዳብሳል፣ ከዚያ መርፌው ይገባል። በቃ፣ ካልቸሩ እዚያው ተበላሸ። ጓንት ስለተደረገ ጣቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ያ ጓንት አልጋውንም ትሪውንም ነክቷል። ቬኑ መጀመሪያ ይፈለግ፣ ከዚያ ቆዳው ይጠረግ፣ ከዚያ ማንም አይንካው። ክሎርሄክሲዲን የተባለው ፀረ ጀርም ከአልኮል ጋር ካለ እሱ ይመረጣል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ማሸትና እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። አዮዲን ከሆነ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ጊዜ ይፈልጋል። እርጥብ ቆዳ ላይ መውጋት ሥራውን ሳይጨርስ ማስቆም ነው። የጠርሙሱ የጎማ ክዳንም በላዩ ያለው ፕላስቲክ ስለተነሳ ብቻ ንጹሕ አይሆንም፣ በአልኮል ይጠረግ።

ሌላው ደሙን ከካኑላ፣ ማለትም ለመድኃኒት ደም ሥር ውስጥ ከተተከለው ቀጭን ቱቦ፣ መቅዳት ነው። ሐሳቡ ይገባኛል፤ እናት «ልጄን ደግማችሁ አትውጉብኝ» ብላ ስታለቅስ ማን ይጨክናል? ግን ቀናት የቆየ ካኑላ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፣ ውጤቱም ግራ የሚያጋባ ይሆናል።

ቆዳ የሚጠረግበትን ፀረ ጀርም ፈሳሽ፣ ሳቭሎኑንም እንየው። ጥጡ የሚነከርበት ዕቃ ሳይታጠብ በላዩ ላይ ሲጨመርበት ቀናት ያልፋሉ። በውኃ በቀጠነ ፀረ ጀርም ውስጥ የሚኖሩ፣ እንደ ቡርኮልዴሪያ ሴፓሺያ ያሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ስለዚህ አንድ ዋርድ ውስጥ በአንድ ሳምንት አራት አምስት ታካሚዎች ላይ አንድ ዓይነት እንግዳ ባክቴሪያ ከወጣ፣ ለሁሉም መድኃኒት ከማዘዝ ጎን ለጎን ያን ዕቃ ላብራቶሪ መላክ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። አዋቂ ታካሚ ላይ ደሙ ከሁለት የተለያየ ቦታ፣ ለምሳሌ ከቀኝና ከግራ ክንድ፣ ቢቻል አንቲባዮቲክ ሳይጀመር መወሰድ አለበት። የቆዳው ባክቴሪያ ከአንዱ ብቻ ከወጣ ብክለት የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከሁለቱም ያው አንዱ ከወጣ በቁም ነገር ይያዛል። አንድ ጠርሙስ ብቻ ከተላከ ግን የሚነጻጸር ነገር የለም፣ ሐኪሙ ወደ ግምት ይገባል፣ ግምት ሲሆን ደግሞ ሁሌም ወደ መድኃኒቱ ያዘነብላል። አልፈርድበትም።

«ጠርሙስ የለም፣ ውድ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ እጥረቱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ሁለተኛዋን ጠርሙስ ቆጥበን ለሳምንት ቫንኮማይሲን የምናስገዛ ከሆነ የቆጠብነው ምኑን ነው? ቤተሰብ «ደሙን ጨረሱት» እያለ ይሰጋል፣ ይሄም መልስ ይፈልጋል። አንድ አዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው የሚሰጠው፤ ደም የሚለግስ ሰው በአንዴ 350 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። እንዲያውም 2 እና 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ሲላክ እውነተኛው ባክቴሪያ ሳይገኝ ያልፋል።

ይህን ስል ነጠላ ጠርሙስ ሁሉ ይናቅ ማለቴ አይደለም። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲየላ ወይም ካንዲዳ የተባሉት ጀርሞች ከአንዲት ጠርሙስም ቢወጡ እውነት ነው ብሎ መነሳት ያስፈልጋል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ወይም ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ ያለበት ሰው ላይ የቆዳው ባክቴሪያ ራሱ እውነተኛ በሽታ ሊሆን ይችላል። ጨቅላ ሕፃናት ላይ ነገሩ ይከብዳል። ደማቸው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው የሚወሰደው፣ ያለጊዜው የተወለዱት ደግሞ በዚሁ ባክቴሪያ በእርግጥ ይታመማሉ። እዚያ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሕፃኑ መጥባት አቁሟል ወይ፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል ወይ፣ ሙቀቱ ወርዷል ወይ የሚለው አብሮ ይመዘናል። በጠና የታመመ ሰው ላይም መድኃኒቱ ውጤት አይጠብቅም፣ ይጀመራል፣ የካልቸሩ ውጤት ሲታወቅ ይስተካከላል ወይም ይቆማል።

ላብራቶሪዎች ይህን ውጤት ሲልኩ ከስሙ አጠገብ «ከስንት ጠርሙስ በስንቱ፣ በስንተኛው ቀን» የሚል መስመር ይጨምሩበት። ብክለት ከመሰላቸው ይጻፉት፣ ስልክ አንስተውም ለሐኪሙ ይንገሩት። አስታማሚዎችም ማዘዣውን ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት «ከስንት ቦታ ነው የተወሰደው፣ በስንቱ ተገኘ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙን መድፈር አይደለም፣ እሱም መልሱን ማወቅ አለበት።