ማስተካከያ፦ የሕንድን ፕላን ኮሚሽን ሕገ መንግሥቱ አላቋቋመውም

ባለፈው ስለ ሕንድ የአምስት ዓመት ዕቅዶች ስጽፍ ሁለት ነገር አበላሽቻለሁ።

የመጀመሪያው፣ እነዚህን ዕቅዶች ያዘጋጅ የነበረውን ፕላን ኮሚሽን ሕገ መንግሥቱ ያቋቋመው ነው ማለቴ ነው። አይደለም። ኮሚሽኑ የተወለደው እ.ኤ.አ. በማርች 1950 በካቢኔ ውሳኔ ነው። ተራ ዝርዝር ይመስላል፤ ግን በኮሚሽኑ ሥልጣን ላይ የተነሣው ክርክር ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። ፓርላማ በሕግ ያላቋቋመው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ ራሳቸው የሚመሩት አካል ለግዛቶች በሚከፋፈለው የልማት ገንዘብ ላይ ከባድ ድምፅ ነበረው። ሕዝብ የመረጠው የግዛት ዋና ሚኒስትር ዕቅዱን ተሸክሞ ዴልሂ ድረስ ይመላለስ ነበር። ማን ደስ ይለዋል? አፈራረሱም እንደ አመሠራረቱ ቀላል ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ኮሚሽኑ እንደሚቀር በኦገስት 2014 ተናገሩ፤ በጃንዋሪ 2015 ኒቲ አዮግ በተባለ የመንግሥት አማካሪ ተቋም ተተካ። ሕገ መንግሥት ማሻሻል አላስፈለገም።

ሌላው፣ የመጀመሪያው ዕቅድ (1951–56) ዋና ትኩረቱ ብረት ነበር ብያለሁ። ትኩረቱ ግብርናና መስኖ ነበር። ከባድ ኢንዱስትሪ ፊት የወጣው በሁለተኛው ዕቅድ፣ በስታቲስቲክስ ሊቁ ማሃላኖቢስ ሐሳብ ነው። ሦስቱ የመንግሥት ብረት ፋብሪካዎችም የዚያ ዘመን ናቸው፦ ቢላይ በሶቪየት፣ ሩርኬላ በምዕራብ ጀርመን፣ ዱርጋፑር በብሪታንያ እገዛ። ከሁሉም ጋር መሥራት ማለት ይሄ ነው!