ጥቁር ሽቦ ሁልጊዜ ኒውትራል አይደለም
በባሕር ዳር ሙቀት የአየር ማቀዝቀዣቸውን የግድግዳ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ራሳቸው ለሚቀይሩ ሰዎች «ጥቁሩ ሽቦ ኒውትራል ነው፤ ብትነኩትም አይዛችሁም» የሚል ምክር እየተሰጠ ነው። (ኒውትራል ማለት ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ ነው።) በቅንነት የተባለ ይመስለኛል፤ ግን ስህተት ነው። ጥቁር ኒውትራል የነበረው በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ነው፤ ሰማያዊውን ኒውትራል ባደረገው ደረጃ ጥቁሩ ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ፣ ነው። በ220 ቮልት በሚሠራ ቴርሞስታት ደግሞ ወደ ማራገቢያው የሚሄደው ሽቦ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ ማሽኑ ሲበራ ኤሌክትሪክ አለው። (መስመሩን የዘረጋው ሠራተኛ እጁ ላይ በተረፈው በማንኛውም ቀለም ሽቦ ቀጥሎትም ይሆናል።) ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ደግሞ ተራውን ብሬከር ላያዘልለው ይችላል። ስለዚህ ብሬከሩን አጥፉ። የቮልት መለኪያውን አስቀድማችሁ ኤሌክትሪክ ባለው ሌላ ሶኬት ሞክሩት፤ ሽቦዎቹን እርስ በርስና ከመሬት ሽቦው ጋር ለኩ፤ መለኪያው አለመበላሸቱን ሶኬቱ ላይ ደግማችሁ አረጋግጡ። ከመፍታታችሁ በፊት የትኛው ሽቦ ቴርሞስታቱ ላይ ከተጻፉት ፊደላት የትኛው ላይ እንደታሰረ ፎቶ አንሱ።